የእርሳስ ልዋጭ

ሀብተሥላሴ የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ አገር ምድሩ እያየው፣ የኩባንያው ካሜራ ተደቅኖበት ነው። የዋልካ አምባ ሕዝብ በሙሉ ዓይኑን ተክሎበት ነበር፤ ያየውን ያስተዋለ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ዋልካ አምባ ከጎንደር በስተሰሜን፣ ከዳባት መንገድ ተገንጥሎ በሚወጣው ኮረኮንች ጫፍ ላይ ያለች የደጋ ቀበሌ ናት። «ብሩህ ተራራ» የሚባል ኩባንያ ከተራራዋ ሆድ እርሳስ እየፈለቀቀ ያወጣል። ከተራራው ሥር የማጣሪያው ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ግራጫ ኩሬ ተኝቷል፤ መንደሩ የሚጠጣው ወንዝም ጥጉን ታክኮ ያልፋል፤ ከኩሬው በላይ «አካባቢያችን ሕይወታችን ነው!» የሚል፣ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ የሚሰፋ ሰሌዳ ቆሟል። ለሰሌዳው የተጨነቁትን ያህል ለኩሬው ተጨንቀው ቢሆን ኖሮ የዚህ ታሪክ ግማሹ ባልተጻፈ ነበር።

ያን ዕለት ድግስ ነበር። ኩባንያው ለመንደሩ ያስገባው የቧንቧ ውሃ ይመረቃል፤ ለትምህርት ቤቱ ልጆችም በካርቶን የመጣ እርሳስ ይታደላል። መድረኩን የያዘው ሀብተሥላሴ ነው፤ የኩባንያው የማኅበረሰብ ጉዳይ ኃላፊ፣ የቆላ ድባ ልጅ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ሽማግሌዎቹ ከልጆቻቸው አብልጠው የሚወዱት። የውሃ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ ባንቺአየሁ ከቧንቧው በጣሳ ቀድታ ሰጠችው፤ ግጥም አድርጎ ጠጣ፤ ተጨበጨበለት። ከዚያ የእርሳሱ ካርቶን ተከፍቶ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ የገበሬዎቹን ጥያቄ ማዳመጥ ጀመረ። ጥቂት እንደቆየ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ጉሮሮውን ያዘ፤ ወደቀ። እጮኛው ሄለን ከሰው ሁሉ ቀድማ ደረሰች። ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፀጉሯን ፈትታ ጮኸች። እሱ አንድ ቃል ብቻ ደጋገመ፤

«እርሳስ… እርሳሱ…»

ሌላ አልተናገረም።

እርሳስ በሚቆፈርበት አገር ውሃ ጠጥቶ የወደቀ ሰው «እርሳስ» ካለ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሕዝቡ ድንጋይ አንሥቶ ወደ ኩባንያው በር ተመመ። ኩባንያው ደግሞ ጣቱን ቀሰረ፦ «ጣሳውን ማን ሰጠው?» ባንቺአየሁ ስለ ኩሬው ስትጮኽ የኖረች ሴት ናት። ማዕድኑን ለማዘጋት ስትል መረዘችው ተባለና ታሰረች።

ኢንስፔክተር ኤሌኒ ከጎንደር ስትጠራ አለቃዋ በስልክ የነገራት አጭር ነበር። «ሴትዮዋ ተይዛለች። ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ሄደሽ መዝገቡን ዝጊው።»

«ዝጊው» የሚለው ቃል ኤሌኒን ያንገበግባታል። አምና እሷ ደክማ በፈታችው ጉዳይ ሌላ መኮንን ተሸልሞበታል፤ ሰውዬው በተሸለመ ቁጥር እያጨበጨበች ጥርሷን ነክሳለች። ቅናት ምን ዓይነት እሳት እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማረችውም።

«ሐኪሞቹ ምን አሉ?» አለች መኪናው ውስጥ።

ሳጅን ሐምዛ መሪውን እንደያዘ መለሰ። «እርሳስ አይደለም አሉ። ማጣሪያው ውስጥ ማዕድኑን ከድንጋዩ ለመለየት የሚጠቀሙበት፣ ጨው የመሰለ መርዝ ነው። ወዲያው ይገድላል። ጣሳው ላይ ግን ምንም አላገኙም።»

«እኔም እርሳስ አይደለም ብዬ ነበር። እርሳስ እንዲህ አይቸኩልም፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ ዓመት ይቀመጣል። ኪሱ ውስጥስ ምን ተገኘ?»

«ቁልፍ፣ መሐረብ፣ አንድ መጻፊያ እርሳስ።» ሐምዛ የላስቲክ ከረጢቱን አቀበላት። እርሳሱ ሹል ነው፤ ቅቡም ጭረት አልነካውም።

ባንቺአየሁን ያገኟት ወረዳው ፖሊስ ጣቢያ፣ የቆርቆሮ ግድግዳ ተደግፋ ነው። ጠይም፣ ቀጠን ያለች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሳትጠየቅ ጀመረች።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት። ግን ቀምሼ ነው የሰጠሁት። ሳይቀምስ ለእንግዳ የሚሰጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ላስሁ፤ ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«ይኼን ለያዙሽ ሰዎች ነግረሻቸዋል?»

«ነገርኋቸዋ! ‹ወግ ነው› አሉኝ። ወግ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ወጉ ለምን ተበጀና?»

ኤሌኒ ፈገግ አለች። «ሀብተሥላሴ ቤትሽ ይመላለስ ነበር ይባላል።»

ሴትዮዋ ዓይኗን ሰበረች። «ይመላለስ ነበር።»

«ለምን?»

«ቃል አለብኝ። ለሕያው የገባሁት ቢሆን እመልሰው ነበር፤ ለሟች የገባሁትን ለማን ልመልስ?»

«ባንቺአየሁ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ልትታሠሪ ትችያለሽ። ልጅ አለችሽ።»

«ሃና ጎረቤት ናት» አለች። «አደራ፣ እታለም፣ ከወንዙ እንዳያጠጧት በይልኝ።»

የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ እንዳልካቸው ቢሮው ግድግዳ ላይ ራሱ ከገበሬዎች ጋር እየሳቀ የተነሣውን ፎቶ ደርድሯል። በሁሉም ፎቶ ላይ ግን ገበሬዎቹ የሚያዩት እሱን ሳይሆን አጠገቡ የቆመውን ሀብተሥላሴን ነው።

«እህቴ፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አላት። «ኮሙኒቲው ውስጥ ጥቂት ረባሾች አሉ፤ ሴትዮዋ ዋናዋ ናት። በነገራችን ላይ ለኮሙኒቲው የምናወጣውን—»

«ሕዝቡ ሀብተሥላሴን ይወደው ነበር?»

«ከልክ በላይ!» ቃሉ አመለጠው። «ውሃውን ያስገባው ኩባንያው፤ ምርቃቱ ለእሱ። መንገዱን የጠረገው ኩባንያው፤ ‹ሀብቴ ይኑርልን›። እኔ ስመጣ ወንበር ያቀርቡልኛል፤ እሱ ሲመጣ ይስሙታል።»

«ይህ ቅር ያሰኝዎት ነበር?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!» አለና ክራባቱን አስተካከለ።

የሟቹን ጠረጴዛ አየች። ኩባያ ሙሉ እርሳስ ተሰክቷል፤ የሁሉም ጭራ አይጥ የበላው ይመስል ተቦጫጭቋል። «ሀብቴ እያዳመጠ እርሳስ ሲያኝክ ነው የሚውለው» አለ ሥራ አስኪያጁ በንቀት። «የሕፃን አመል።»

የላቦራቶሪው ኃላፊ ምናለ መርዙ ካለበት ቁም ሳጥን ፊት ቆሞ ተቀበላት። ከሀብተሥላሴ በፊት የሄለን እጮኛ የነበረው እሱ ነው፤ ይህን ጎንደር ድረስ የማያውቅ የለም።

«ሊጠይቁኝ የመጡትን አውቀዋለሁ» አለ። «አዎ፣ እቀና ነበር። እሷ ስትስቅ በሰማሁ ቁጥር በሩን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። ሰው ቀንቶ ቢገድል ኖሮ ግን ጎንደር ውስጥ በሕይወት የሚተርፍ አይኖርም።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ። ሄለንም አላት፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ስለሆነች የውሃ ናሙናዋን የምታስቀምጠው እዚህ ነው። ሥራ አስኪያጁም ሲፈልጉ ይገባሉ።»

«ሲወድቅ ምን አለ?»

«‹እርሳስ› አለ። ከኋላ ቆሜ እንኳ ሰምቻለሁ።»

ሄለን በኩባንያው የእንግዳ ማረፊያ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣ ነበር። የተፈታ ፀጉሯ በነጠላዋ ሥር ትከሻዋ ላይ ተበትኗል። እየተናገረች ፀጉሯ ፊቷ ላይ በወደቀ ቁጥር እጇ በልማድ ወደ ማጅራቷ ይሄድና ባዶውን ይመለሳል።

«ነፍስ ይማር። የመጨረሻ ቃሉን ከአንቺ አፍ ልስማው» አለች ኤሌኒ።

«‹ውሃ… ውሃው› ነው ያለው።»

«ሌላው ሁሉ ‹እርሳስ› ሰማሁ ይላል።»

«ሌላው ከሩቅ ነው የሰማው። ጭኔ ላይ ነው የሞተው፣ ኢንስፔክተር! ከእኔ በላይ ማን ይሰማዋል?»

«ወንዙ ከእርሳስ ነፃ ነው ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«ነኝ» አለች ሄለን፣ ባጭሩ። ከዚያ ፊቷ በአንዴ ተለወጠ። «ያችን ሴት የገጠር ሴት ናት ብለው አይናቋት። ለሥራ ነው እያለ ከደጇ አይጠፋም ነበር። አንድ ቀን ማክሰኝት ስብሰባ አለኝ ብሎኝ ሄደ፤ ለካ ከእሷ ጋር በአንድ መኪና ጎንደር ሲገቡ ሰው አይቷቸዋል። ዋሸኝ! እኔን! ምን አላት? ንገሩኝ እስቲ፣ ምን አላት?»

ሐምዛ ሲወጡ አንገቱን ነቀነቀ። «ምስኪን። ሐዘኑ ላይ ቅናቱ ተጨምሮ።»

«የትኛው ነው የቀደመው?» አለች ኤሌኒ።

የመንደሩን ሽማግሌ አያ ክንዱን ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አገኟቸው።

«አያ ክንዱ፣ እንዴት ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ልጄ። አንች ነሽ መርማሪዋ? ሸጋ። ባንቺአየሁን ልቀቁልን፤ እሷ ዝንብ አትገድልም። ያነን ልጅ የገደለው እርሳስ ነው፤ ራሱ እኮ ተናገረ።»

«ኩባንያው ግን ብዙ ነገር አድርጎላችኋል ይላል።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ምን ያላደረገልን አለ! እርሳሳችንን ወሰደ፤ እርሳስ ሰጠን። ልዋጭ ይሉሻል ይኸ ነው። እሱኑም ልጆቹ አላገኙት፤ ሐዘን ሆነና ካርቶኑ እመጋዘን ተቆለፈበት።»

ኤሌኒ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ቀጥ አለ።

«ምነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አያ ክንዱ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ዓይኗ ግን ከሳቸው ላይ አልነበረም። «ሐምዛ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ አምጣ። ከዚያ የኩባንያውን ቪዲዮ ፈልግልኝ፤ የምረቃውን፣ ሳይቆራረጥ።»

ሐምዛ ያን ዕለት ከሰዓት አንድ ነገር በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ጎንደር ወረደ። በማግሥቱ ሲመለስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላት።

ሁሉም ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ ፊት ወንበር ያዘ፤ ምናለ መስኮት ተደገፈ፤ ሄለን ብቻዋን ጥግ ተቀመጠች፤ ባንቺአየሁን ፖሊስ አምጥቶ ከአያ ክንዱ ጎን አስቀመጣት። ጠረጴዛው ላይ ያ የእርሳስ ካርቶን አለ። ልጆቹ ውጭ ሲንጫጩ ይሰማል።

«አጭር እናድርገው፣ እህቴ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሥራ አለብን።»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ» አለች ኤሌኒ። «ከውሃው እንጀምር። ባንቺአየሁ ቀምሳ ነው የሰጠችው፤ ቪዲዮው ላይ መዳፏን ስትልስ ይታያል። እሷ ደህና፤ ጣሳው ንጹሕ። መርዙ ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ነው፤ ሀብተሥላሴ ግን ውሃውን ከጠጣ በኋላ ሰው ሲያዳምጥ ቆይቷል። ስለዚህ መርዙ አፉ የገባው ከውሃው በኋላ ነው። ከውሃው በኋላ አፉ ውስጥ ምን ገባ?»

ኤሌኒ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«የወደቀው ሰው ‹እርሳስ› አለ። ሁላችሁም ትክክል ሰማችሁ፤ ሁላችሁም ተሳሳታችሁ። እዚህ አገር እርሳስ ማለት አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፤ ተራራው ውስጥ ያለው፣ ኩሬው ውስጥ ያለው። እኔም እንደናንተ ነበር ያሰብኩት፤ አያ ክንዱ ቀልደው እስኪያነቁኝ ድረስ። ሟቹ እያዳመጠ እርሳስ ያኝካል። ምላሱ ላይ ያልለመደው መራራ ነገር ሲመጣ ገባው፤ ነገረን። እኛ ድንጋይ አነሣን።»

«አየ ልጄን!» አሉ አያ ክንዱ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው።

«ታዲያ ያ እርሳስ የት ሄደ? ኪሱ የተገኘው አዲስ ነው፤ ጥርስ አልነካውም። አንድ ሰው ለውጦታል። ጥሩ ልዋጭ ነው! የተመረዘውን ወስዶ ንጹሑን አስቀመጠ።» ቆም አለች። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየችና ድንገት ድምፅዋን አለዘበች። «ለማንኛውም፣ ልጆቹ ብዙ ጠብቀዋል። ሐምዛ፣ አስገባቸው። እኛ ስንነጋገር እርሳሳቸውን ይውሰዱ።»

ሐምዛ በሩን ከፈተ። ጫጫታው ገባ። እጁን ወደ ካርቶኑ ሰደደ።

«አይሆንም!»

ሄለን ቆማ ነበር። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቋል።

«አትስጧቸው! ልጆች ናቸው፤ አፋቸው ውስጥ ያስገቡታል! እባካችሁ…»

ሐምዛ በሩን መልሶ ዘጋ።

«አትፍሪ» አለች ኤሌኒ፣ በዝግታ። «ትናንት አውጥቼዋለሁ። ጭራው ታኝኳል፤ መርዙም ተገኝቶበታል። እርሳስን ከእርሳስ መሀል መደበቅ የሚያምር ሐሳብ ነው፤ እነዚህን ልጆች ግን ለአንድ አፍታ ረሳሻቸው።»

«ሄለን?» አለ ምናለ። ድምፁ የሰው ድምፅ አልመሰለም።

«ሁለት ነገር ነው ወደ አንቺ የመራኝ» አለች ኤሌኒ። «አንደኛው ቃሉ ነው። ሁሉም ‹እርሳስ› ሲሉ አንቺ ብቻ ‹ውሃ› አልሽ። ጭንሽ ላይ እየሞተ ሌላው የሰማውን አንቺ አልሰማሽም? ለመንደሩ ቃሉ በኩባንያው ላይ ማስረጃ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንኳ፣ ቃሉ የሚጎዳቸው ሆኖ ሳለ፣ አልተባለም አላሉም። ያን ቃል የፈራው የትኛው እርሳስ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ‹ውሃው› ካልሽ ደግሞ ገመዱ ባንቺአየሁ አንገት ላይ ይገባል።»

«ሁለተኛውስ?» አለች ሄለን። መሸሽ የተወች ትመስላለች።

«ፀጉርሽ። ቪዲዮው ላይ ሲጀመር ፀጉርሽ ማጅራትሽ ላይ ተጠቅልሎ እርሳስ ተሰክቶበታል። እሱ ከወደቀ በኋላ ተፈትቷል። የአገሬ ሴት ሐዘን ሲደርስባት ፀጉሯን ትፈታለች፤ ማንም ለምን አላለም። አንቺ ግን የፈታሽው ለሐዘን አልነበረም። ከፀጉርሽ የነቀልሽውን ኪሱ ከተትሽ፤ እርሳስ አጥቶ የማያውቅ ሰው ያለ እርሳስ ቢገኝ እንፈልግ ነበርና። ያኘከውን ተከፍቶ የነበረው ካርቶን ውስጥ ጣልሽ። እስከ ትናንት ድረስ እጅሽ ማጅራትሽ ላይ ያን እርሳስ ሲፈልግ አይቻለሁ።»

አሁንም እጇ ወደዚያው እየሄደ ነበር። ሄለን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችውና አወረደችው።

«ጠዋት ነው የሰጠሁት» አለች። «‹ለዛሬው በዓል አዲስ› አልኩት። ሳመኝ።» ከዚያ ዓይኗ ባንቺአየሁ ላይ ወደቀ፤ ያ እሳት ተመልሶ ነደደ። «አንቺ ግን ንገሪኝ! አሁን ምን ትፈሪያለሽ? ቤትሽ ምን ይሠራ ነበር? ጎንደር ምን ልታደርጉ ሄዳችሁ?»

ባንቺአየሁ ቀና አለች። አያ ክንዱን አየች፤ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁላት።

«ልጄን ሐኪም ቤት ሊያደርስልኝ ነው» አለች። «ሃና አትጫወት፣ አትበላ ሆነችብኝ። አይቶ አላስቻለውም። ሲመረምሯት ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኘ፤ ከወንዙ ነው አሉን። አደባባይ ወጥቼ ልጩኽ ስል ለመነኝ። ‹ወንዙ ንጹሕ ነው ብላ የፈረመችው ሄለን ናት፤ ሰው ፊት እንድትዋረድብኝ አልፈልግም። ከምረቃው በኋላ እኔው ራሴ እነግራታለሁ፤ እሷው ታርመዋለች፤ እስከዚያ ለማንም አትንገሪ› አለኝ። አስማለኝ።» እንባዋን በመዳፏ ጀርባ ጠረገች። «ስላንቺ ነበር የሚያወራኝ፣ እቴ። ሁልጊዜ ስላንቺ።»

ሄለን አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ፀጉሯን በሁለት እጇ ሰብስባ ማጅራቷ ላይ ጠቀለለችው፤ የምትሰካበት ነገር ስላልነበራት ለቀቀችው። ሐምዛ ቀርቦ በእርጋታ ክንዷን ያዘ።

ኤሌኒ የባንቺአየሁን የእጅ ሰንሰለት በራሷ እጅ ፈታች።

ሥራ አስኪያጁ እፎይ ብሎ ተነሣ። ክራባቱን አስተካከለ። «እንግዲህ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ኩባንያው ከነገሩ ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ። ጎበዝ ነሽ፣ እህቴ። እኔ ልሂድ፤ መግለጫ ማዘጋጀት—»

ኤሌኒ በሩ ላይ ቆመች። እስከዚያ ድረስ የያዘችውን አንቱታ ጣለችው።

«አንተ ቁጭ በል» አለች። «የገደለውን እርሳስ ጨርሰናል። አሁን ስለሚገድለው እርሳስ እንነጋገራለን።»